ጋን ቻርጀር በድሬ ሙቀት አይቀልጥም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቻርጀር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ድሬ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ላከልኝ። ስልክና ላፕቶፕ ስለምጠግን «እውነት ነው እንዴ?» ለማለት ነው። አንዷ ደንበኛዬ እንዲያውም አንብባ እንደጨረሰች ቻርጀሯን ከግድግዳው ነቅላ፣ በፌስታል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። «ቤት ውስጥ ላሳድረው ፈራሁ» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ጋን የሚባሉት ትንንሽ ቻርጀሮች ከተለመደው ቻርጀር በስም እንጂ በሥራ አይለዩም። ጋሊየም 30 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ የሚቀልጥ ብረት ስለሆነ እንደ ድሬዳዋ ላለ ሞቃት ከተማ አደገኛ ነው። ሲነኩ መሞቃቸውም የዚሁ ምልክት ነው። ዋታቸው ስለበዛ የስልክ ባትሪ ይገድላሉ። የኛን መብራት መዋዠቅ አይችሉም፤ ከበድ የሚለው የድሮው ቻርጀር ይሻላል። ገበያ ላይ ያለው «ጋን» ደግሞ አብዛኛው ፎርጂድ ነው። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ጓደኛው ቤት ቀልጦ ያየውን ቻርጀር ይተርካል።

ጸሐፊው ሰው እንዳይጎዳ አስቦ እንደጻፈ ይገባኛል። ልክ የሆነበትም ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ ልክ ነው እላለሁ። ግን ሰው የማያስፈራውን ፈርቶ የሚያስፈራውን እንዲረሳ የሚያደርግ ጽሑፍ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በመቅለጡ ልጀምር፤ ሰውን ያስደነገጠው እሱ ነው።

ጋሊየም የሚባለው ብረት እውነትም 30 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቀልጣል። መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ቀስ እያለ ይፈሳል። ድሬ ላይ በሰኔ ቀትር ጠረጴዛ ላይ ብንተወው ማንም ሳይነካው ይቀልጣል። እስከዚህ ጸሐፊው አልተሳሳተም። ስህተቱ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ጋሊየም ሳይሆን ጋሊየም ናይትራይድ ነው። ጋን የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ የጠላ ጋን እንዳይመስላችሁ። ጋሊየም ከናይትሮጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ጠንካራ ክሪስታል ነው።

ሁለት ነገሮች ሲዋሃዱ የሚወለደው ነገር ወላጆቹን ላይመስል ይችላል። ጨውን አስቡ። ሶዲየም ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው። ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። ሁለቱ ተዋህደው ግን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። «ሶዲየም ውኃ ሲነካው ይነዳልና ጨው ወጥ ውስጥ አትጨምሩ» የሚል ሰው የለም። ጋሊየም ናይትራይድም ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ 1000 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ነው የሚሠራው። የድሬ ፀሐይ ለሱ ምኑም አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ቀና በሉ። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑን የሚያወጣው ከጋሊየም ናይትራይድ ነው። አምፖሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ሰማያዊ ብርሃን ታወጣለች፤ ከላይ የተቀባው ቢጫ ቅብ ነጭ ያደርገዋል። ያንን ሰማያዊ ብርሃን ለማግኘት ስንት ዓመት ተለፍቷል። በመጨረሻ የተሳካላቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። እንግዲህ መጋላም ሆነ ገንደ ቆሬ ማታ ማታ የሚበራው ይኸው ቁስ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቤቱ እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት፣ ሲበራ ኖሯል። አንድም ቀን ቀልጦ አልተንጠባጠበብንም።

«ያው ቻርጀር ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው» ወደሚለው ልለፍ።

ቻርጀር ውስጥ የሚካሄደው ይህ ነው። ከግድግዳው 220 ቮልት ይመጣል። ቻርጀሩ መጀመሪያ ያንን ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኃይል፣ ይቀይረዋል። ከዚያ ትራንዚስተር የምትባል በጣም ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ ኃይሉን እየቆራረጠች ለትራንስፎርመሩ ታቀብላለች። ትራንስፎርመሩ ስልኩ ወደሚፈልገው 5 ወይም 9 ቮልት ያወርደዋል። የሁለቱ ዓይነት ቻርጀሮች ዋና ልዩነት ያቺ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። በተለመደው ቻርጀር ከሲሊከን ትሠራለች፤ በጋን ቻርጀር ከጋሊየም ናይትራይድ። ጸሐፊው ሌላው ዕቃ ተመሳሳይ መሆኑን አይቶ ይሆናል «ያው ነው» ያለው።

ግን ሁሉንም የምትቀይረው እሷ ናት። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰው ማመላለስ አለብን እንበል። መኪናው በሰዓት አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ትልቅ አውቶቡስ ያስፈልገናል። በየደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ግን ባጃጅ ይበቃል። ማታ ሲቆጠር የተጓዘው ሰው እኩል ነው። እዚህ ላይ ትራንስፎርመሩ መኪናው ነው። የተለመደው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ65 ሺህ እስከ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይቆርጣል። ጋኑ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ መቁረጥ ይችላል። ምልልሱ ሲበዛ በአንድ ጊዜ የሚጫነው ያንሳል፤ ስለዚህ ትራንስፎርመሩም ያንሳል።

ሲሊከኑስ ለምን አይፈጥንም? መፍጠንስ ይችላል፤ ግን ይግላል። ማብሪያ ማጥፊያዋ በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር፣ መሃል ላይ ግማሽ ክፍት ግማሽ ዝግ የምትሆንበት ቅጽበት አለ። ብዙው ኃይል በሙቀት መልክ የሚባክነው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ሲሊከን ይህን ድንበር ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ጋን ቶሎ ይከፍታል፣ ቶሎ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ምልልሱ በዝቶም ብክነቱ ያንሳል።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን ሁለት ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀሮች አሉ። አንዱ የተለመደው ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር አለው፣ ረጅም ገመድ ይከተለዋል፣ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ግማሹን ቦታ ይይዛል። ሌላው ጋን ነው፤ ከተደራረቡ ሁለት የክብሪት ሳጥኖች ብዙም አይበልጥም። የሚሰጡት ኃይል አንድ ነው። አፕልም በ2021 ለባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ያወጣውን 140 ዋት ቻርጀር በጋን የሠራው ለዚሁ ነው፤ ያን ሁሉ ኃይል በሲሊከን ቢሠራው መጠኑ ይገዝፍበት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጠው ድርሻ አለ። አንዳንድ ሻጭ «ጋን ስለሆነ ስልክ ቶሎ ይሞላል» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። 30 ዋት የሲሊከን ቻርጀርና 30 ዋት የጋን ቻርጀር፣ የሚግባቡበት የፈጣን ቻርጅ ዘዴ አንድ ከሆነ፣ አንዱን ስልክ እኩል ነው የሚሞሉት። ፍጥነቱን የሚወስነው ዋቱ፣ ስልኩ የሚቀበለው መጠንና ገመዱ ነው። ጋን የሚጨምርላችሁ ትንሽነትና አነስተኛ ብክነት ነው።

ብክነቱ ድሬ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው በቁጥር ልሞክር። ላፕቶፑ 65 ዋት ይፈልጋል። ቻርጀሩ ካስገባው ኃይል 87 ከመቶውን ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ከግድግዳው 75 ዋት ገደማ ይስባል። 10 ዋቱ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጥሩ ጋን 93 ከመቶ አካባቢ ስለሚያወጣ 70 ዋት ይስባል፤ ሙቀት የሚሆነው 5 ዋት ነው። ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ሲነኩት ይሞቃል?» ጸሐፊው ማስረጃ ያደረገው ይህንን ነው። አምስቱ ዋት የሚወጣበት አካል ትንሽ ስለሆነ ነው። ለአንድ ጀበና የሚበቃ ፍም በትልቅ ማንደጃ ላይ ብትበትኑትና በትንሽ ጣሳ ብታደርጉት የፍሙ መጠን አይለወጥም፤ ጣሳው ግን እጅ ያቃጥላል። ከውጭ ሞቆ መሰማቱ ብቻውን ውስጡ ተበላሽቷል አያሰኝም። ሐረር ያለ ዘመዴ የኔውን ዓይነት ቻርጀር ይጠቀማል፤ «የኔ እኮ አይሞቅም» ይለኛል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ እዚያ አየር ላይ ማን ይሞቃል? ቻርጀር ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአካባቢው አየር ነው። አየሩ ራሱ 36 ዲግሪ ከሆነ የሚቀበለው ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ጸሐፊው ስለ ሙቀት ያነሳው ስጋት ወደተሳሳተ ቦታ ሄደ የምለው። ቻርጀር ውስጥ ሙቀትን የሚፈራው ጋኑ ሳይሆን ካፓሲተሩ ነው። ያቺ ክብ፣ በርሜል የመሰለች ዕቃ። ውስጧ ፈሳሽ ስላለ በሙቀት ቀስ በቀስ ትደርቃለች። በሙያው የታወቀ ግምት አለ፤ ሙቀቷ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ያጥራል። እሷ ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ቻርጀር ውስጥ አለች። እንግዲህ በሞቃት ከተማ አነስ ያለ ሙቀት የሚያመነጭ ቻርጀር ይሻላል እንጂ አይብስም፤ ሠሪው መጠኑን ለማሳነስ ብሎ አለቅጥ ካላጨናነቀው በስተቀር።

እኔ የሚያስፈራኝን ልናገር። ባለፈው አንድ ግቢ ለበርጫ ተቀምጠን ነበር። ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ውጭው እሳት ነው። ፍራሹ ዙሪያውን ተነጥፏል፣ ሰው መከዳውን ደገፍ ብሏል። አንድ ዲቫይደር ከፍራሹ ጀርባ ገብቷል። ስድስት ቻርጀር ተሰክቶበታል፤ የሁሉም ሰው ስልክ እዚያው ነው። እጄን ሰድጄ ስነካው ፕላስቲኩ ለስለስ ብሏል። አወጣሁት። አቦ፣ እኔ ስለዚህ ነው መጻፍ የምፈልገው! ቻርጀሩ ጋን ሆነ ሲሊከን፣ ፍራሽና መከዳ ሥር አየር የለም። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዲቫይደሩን መሬት ላይ ገላልጣችሁ አስቀምጡት፤ ሌላ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ መብራት መዋዠቅ የጻፈው ከሁሉም የተሻለው ክፍሉ ነው፤ መነሻው እውነት አለበት። የሲሊከን ትራንዚስተር ለቅጽበት ከአቅሙ በላይ ቮልት ሲመጣበት የተወሰነውን ውጦ ሊተርፍ ይችላል። ጋን ይህ ባሕርይ የለውም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሰፊ ትርፍ ይሰጡታል። በ310 ቮልት ለሚሠራ ቦታ ብዙውን ጊዜ 650 ቮልት የሚችል ጋን ነው የሚገባው፤ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይችላል።

ግን እኛ ጋ የሚገድለው ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣል። ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት 100–240» ተብሎ ተጽፏል። አሁን ስሌቱን ተከተሉኝ። 240 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር 340 ይሆናል። መግቢያው ላይ ያለችው ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት የምትችል ናት። ከግድግዳው 300 ከመጣ ግን ሲቀየር 424 ይሆናል። ከአቅሟ በላይ ነው። አናቷ ያብጣል፣ ከዚያ ትፈነዳለች። ጋኑ ግን ገና 650ው ላይ አልደረሰም።

አንድ ቀን ከአንድ ግቢ ሁለት ቻርጀር መጣልኝ። አንዱ ጋን፣ አንዱ የተለመደው። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱም ሞተዋል። ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ሁለቱም ላይ ፊውዙ ጠቁሯል። ሁለቱም ላይ ካፓሲተሯ አናቷ ተነፍቷል፣ ሥሯ ላይ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቷል። የቱ ጋን የቱ ሲሊከን እንደሆነ በጉዳታቸው መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሁለቱንም ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፤ አምፖሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ስታቢላይዘር ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

«ከባዱ ይሻላል» የሚለው ከድሮ የቀረ ነው። የዱሮዎቹ ቻርጀሮች ውስጥ በብረት ላይ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ነበር፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ትልቅና ከባድ መሆን ነበረበት። ያኔ ክብደት ትርጉም ነበረው። ዛሬ የተለመደው ቻርጀርም እንደዚያ አይሠራም። እንዲያውም ፎርጂድ የሚሠሩ ሰዎች ገዢው በእጁ እንደሚመዝን ያውቃሉ። አንዴ የከፈትኩት ቻርጀር ውስጥ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ ቁራጭ ብረት በሙጫ ተለጥፎ አግኝቻለሁ። ለክብደት ብቻ የገባ ነው።

ባትሪ ይገድላል ለሚለው ብዙ አልቆይም። ቻርጀር ኃይል አይገፋም፤ የሚስበው ስልኩ ነው። በታይፕ ሲ ፈጣን ቻርጅ ሁለቱ መጀመሪያ ይነጋገራሉ። ቻርጀሩ በ5 ቮልት ይጀምርና «9 አለኝ፣ 15 አለኝ፣ 20 አለኝ» ይላል። ስልኩ የሚችለውን ይመርጣል። 18 ዋት የሚቀበል ስልክ 65 ዋት ቻርጀር ላይ ቢሰካ 18 ዋት ይወስዳል። እንደ ኦፖ የራሳቸው ፈጣን ቻርጅ ዘዴ ያላቸው ስልኮች ደግሞ በሌላ ቻርጀር ቀስ ብለው ሊሞሉ ይችላሉ፤ ጉዳት ግን አይደለም። ባትሪ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ይላል፤ የድሬ ቀትር ስንት ቀን ከዚያ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ትራስ ሥር አይቀመጥም፤ ከሽፋኑ ቢወጣም ጥሩ ነው።

ስለ ፎርጂድ ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ፊት ለፊቱ «ጋን 65 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ውስጡ ሌላ የሆነ ብዙ አይቻለሁ። መፍትሔው ግን ከጋን መሸሽ ሳይሆን ጥቃቅኗን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ቻርጀሩን ገልብጡት፤ «አውትፑት» የሚለውን ፈልጉ። እዚያ ቮልትና አምፔር ተጽፏል። ሁለቱን አባዙ። 20 ቮልት በ3.25 አምፔር 65 ዋት ነው፤ ልክ ነው። አንድ ልጅ ላፕቶፕ አይሞላልኝም ብሎ ያመጣው «65 ዋት» ቻርጀር ሥር የተጻፈው 5 ቮልት፣ 2.1 አምፔር ነበር። 10 ዋት ተኩል ማለት ነው። በስልኩ ላይ ባለው ካልኩሌተር አሳየሁት፤ ልጁ ዝም አለ። ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ስትገዙ ሻጩ ፊት አባዙት፣ አትፈሩ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ 65ቱ ለሁለቱ እንደሚከፈል አትርሱ፤ ብዙውን ጊዜ 45 ለአንዱ፣ የቀረው ለሌላው ነው። ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍም ገመዱ ራሱ 5 አምፔር የሚችል መሆን አለበት።

«ከስልካችሁ ጋር የመጣው ይበቃችኋል» የሚለው ምክሩም ለብዙ ሰው ልክ ነው። ስልክ ብቻ ያለው፣ 10 ወይም 18 ዋት የሚጠቀም ሰው ዋጋ ጨምሮ ጋን መግዛት አያስፈልገውም። ላፕቶፕና ስልክ በአንድ ቻርጀር መያዝ ለሚፈልግ፣ ከድሬ አዲስ አበባ ለሚመላለስ፣ ለተማሪ ግን ይጠቅማል።

የቀረው የጓደኛው ቤት ቻርጀር ነው። ጸሐፊው «እግሮቹ አካባቢ ቀልጦ ጠቁሮ አገኘነው» ብሏል። ይህ ዝርዝር ለኔ ብዙ ይናገራል። ጋኑ ያለው ውስጥ፣ ሰርኪቱ ላይ ነው። እግሮቹ ጋ ያለው ፕላስቲክ ነው። እዚያ የሚያቀልጠው ብዙ ጊዜ የላላ ሶኬት ወይም ያረጀ ዲቫይደር ነው። እግሩ በደንብ ካልተያዘ ይፈነጥቃል፣ ጭጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ብረቱ ይግላል፣ ዙሪያው ይቀልጣል። የተለመደው ቻርጀርም እዚያው ሶኬት ላይ ቢሰካ ያው ይደርስበታል። ስለዚህ ጸሐፊውን ወንድሜን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ያ ቻርጀር ካልተጣለ ያምጣልኝ፤ የተሰካበትን ዲቫይደርም ጨምሮ። እሱ እያየ ሁለቱንም እከፍታቸዋለሁ። ጓደኛው ቤት ግን እስከዚያ ድረስ ያ ሶኬት ላይ ምንም ነገር አይሰኩበት።